ጉንፋን አይደለም

«ልዩ፣ የኔ ልጅ፣ ነጠላሽን ለብሰሽ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነይልኝ። ሕፃኗን የምትቀበያት አንቺ ነሽ። ሰብሊን ጉንፋን ይዟታል እንላለን፤ ሌላ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

ይህን ለአክስት ልጇ ለልዩ የተናገረችው የሰብለወንጌል እናት ናት። ሰማዩ ገና መቅላት ጀምሯል፤ ሰብለወንጌል ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳ ውስጥ ቆማ ነጠላዋን ትተኩስ ነበር። እናቷ ሳሎን ውስጥ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያወራችው፤ ያ ቤት ግን ለሹክሹክታ አልተሠራም። ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ደግሞ የተባለውን ሁሉ ተቀብሎ መልሶ ያወርደዋል። ሰብለወንጌል ካውያውን ከጥለቱ ላይ አንስታ ቆመች። ጉንፋን አልያዛትም። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሳትም።

ዕለቱ የታናሽ እህቷ የሜሪ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና የምትነሳበት እሑድ ነበር። የክርስትና እናቷ ሰብለወንጌል እንድትሆን የለመነቻት ሜሪ ራሷ ናት፣ ያውም ገና እርጉዝ ሳለች። ከዚያ ወዲህ ሰብለወንጌል ለነፍስ አባቷ ነግራለች፣ ማተቡን አዘጋጅታለች፣ ነጯን የሕፃን ቀሚስ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው እየዞረች፣ በፀሐይ እየተጠበሰች መርጣለች። ግቢው ውስጥ ድንኳኑ ከትናንት ጀምሮ ተተክሏል፤ የኪራይ የፕላስቲክ ወንበሮች እርስ በርስ ተደራርበው ይጠብቃሉ። ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ውስጥ የዶሮ ዋጋና የሽንኩርት ዋጋ ሲወራ ከረመ። ሽንኩርት ከመቂ የሚመጣው በኪሎ ይህን ያህል ገባ፣ ዶሮ እንዲህ ሆነ እያለች እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ አማርራለች። የክርስትና እናቷን መለወጧን ግን ለሰብለወንጌል አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የነገሩ ሥር ድብቅ አይደለም። ሰብለወንጌል ከልጅነቷ ጀምሮ «ትሄዳለች»። በዚያ ቤት በሽታው ሌላ ስም የለውም። ከሰው ጋር እያወራች ቃሉ አፏ ላይ ይቆማል፤ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፤ የዓይኗ ቆብ ጥቂት ይርገበገባል። ከዚያ ያ ሰው «ምነው?» ብሎ ሳይጨርስ ተመልሳ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መሄዷን ራሷ እንኳ አታውቀውም። አስተማሪዎቿ ትዕቢት ነው ብለው ገርፈዋታል፤ ጎረቤት የሰው ዓይን ነው ብሏል፤ እናቷ ከአንዱ ጸበል ወደ ሌላው ይዛት ተንከራታለች። ሐኪም ቁርጡን የነገራት ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ፣ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ የአእምሮዋን ሞገድ ካነበበ ወዲህ ነው። የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው አላት። ስሙ አናደዳት። የሚጥል ይባላል እንጂ እሷን አንድም ቀን ጥሏት አያውቅም። አሁን በከተማቸው በአዳማ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ለእሷ የሚሆነውን መድኃኒት ካገኘች ወዲህ ደግሞ «መሄድ» የሚባለው ነገር ጨርሶ ቀርቶላታል፤ ይህንንም እናቷም ሜሪም ያውቃሉ።

ካውያውን ነቀለችና መድኃኒቷን ልትይዝ ወደ መደርደሪያው ዞረች። የጠዋቱን ፍሬ የምትውጠው ዛሬ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ እህል ስትቀምስ ነው። ብልቃጡ ግን ቦታው ላይ አልነበረም። ፈልጋ ፈልጋ ከበርበሬው ዕቃ ኋላ፣ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘችው። እንግዳ እንዳያየው መሆኑ ነው። ሰብለወንጌልን ከጠዋቱ የስልክ ወሬ ሁሉ ይልቅ ይህ ጨርቅ አንገበገባት። ያንን ብልቃጥ ለማግኘት ያየችውን አሳር እሷ ታውቀዋለች። በከተማው እየዞረች ስትጠይቅ አብዛኞቹ መድኃኒት ቤቶች ስሙንም አልሰሙትም። አንዱ ሻጭ ሌላ ዓይነት አንስቶ «ያው ነው፣ ይሄም ለሚጥል በሽታ ነው» ሲላት «ለሌላው ያው ይሆናል፤ የእኔን ዓይነት ግን ያባብሰዋል» ብላው ባንኮኒው ላይ ትታለት ወጥታለች። የምታወራው ስለደረሰባት ነው፤ ድሮ ያንን ሲያስጀምሯት ከሄደችበት የምትመለስበት ጊዜ እስኪጠፋት ድረስ ተባብሶባት ነበር። ሌላው ደግሞ ጥሩ አድርጎ ቢይዝላትም ሴት ስታረግዝ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል ብሎ ሐኪሟ አስለወጣት። ይህንኛውን የሥራ ባልደረባዋ ዘመድ ከውጭ ስትመጣ ነው የምታመጣላት። ጨርቁን እዚያው ጥላ ብልቃጡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ሜሪ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ነው የታረሰችው። ክፍሏ የቅቤና የሕፃን ሳሙና ይሸታል፤ መስኮቱ ንፋስ እንዳይገባ በፎጣ ተወትፏል። ሜሪ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ነጯን ቀሚስ ታለብሳት ነበር። እህቷ ስትገባ ቀና አላለችም። ትንሿን እጅ ከእጅጌው ለማውጣት ብዙ ታገለች፤ ሰብለወንጌልም ቆማ አየቻት። የሕፃኗ እጅ ከወጣ በኋላም ሜሪ እጅጌውን መነካካቷን አልተወችም።

«ልዩ ናት አሉ የምትቀበላት» አለች ሰብለወንጌል።

«እማዬ ናት ያለችው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«ትጥልብኛለች ብለሽ ነው?»

ሜሪ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እሱ ብቻ አይደለም ሰብሊ። ለሚኪያስ ቤተሰቦች አልተነገራቸውም። በዘር ይሄዳል ይባላል። ነገ ልጄ ትንሽ ባተኮረች ቁጥር አማቶቼ ምን ይሉኛል?»

 እህቷ የተናገረችው ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በዚህ አገር ሰው ልጁን ሲድር ከሀብቱም ከመልኩም በፊት ዘር ይጠይቃል፤ የአንዲት አክስት በሽታ ስንት የእህት ልጅ ሳያጋባ እንደቀረ ሰብለወንጌልም ሰምታለች። ቢሆንም የዚያ ሁሉ ዋጋ ተደምሮ ለምን እሷ ላይ ብቻ እንደሚያርፍ አልገባትም።

«ስሚኝ ሜሪ» አለች በመጨረሻ። «መፍራትሽን አልከለክልሽም። ልጅሽ ናት። ብትፈሪ ዓይኔን እያየሽ ፈራሁ በይኝና እቀራለሁ። ጉንፋን ይዟታል ከተባለ ግን ዝም አልልም።»

ሜሪ ዝቅ ብላ የቀሚሱን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረች። ሰብለወንጌልም የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ወረወረችና ወጣች።

ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰዳቸው ጎረቤታቸው ጋሽ ነጋሳ ነው፤ ሚኒባሱን ለዚህ ቀን ብሎ ከታክሲ ሥራ አውጥቶ አጥቦታል። በኦሮምኛ «አካም ቡልተን?» እያለ፣ እንዴት እንዳደሩ እየጠየቀ አንድ በአንድ አሳፈራቸው። ሰብለወንጌል ስትገባ ፊቷን አየና «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» አላት። «ደህና ነኝ ጋሽ ነጋሳ። ጉንፋን ይዟታል ካሉዎት ግን እንዳያምኑ» አለችው። ነጋሳ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ከፊት የተቀመጠችው እናቷ አልሳቀችም፤ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ገና ያልተከፈቱትን ሱቆች፣ የተደረደሩትን ባጃጆች፣ ሌሊቱን ከጅቡቲ መንገድ ገብተው የቆሙትን ከባድ መኪኖች እያየች ሄደች። መንገዱን ሙሉ ሕፃኗ ብቻ ናት ድምፅ ያሰማችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ የሚኪያስ ወገኖች ቀድመዋቸው ቆመዋል። ሚኪያስ የሜሪ ባል ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲፈልጉት ጥግ ላይ የሚገኝ ዓይነት ሰው። አባቱ አቶ ሰብስቤ ግን ዝም አይሉም። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጆንያ ላይ ቆመው ሲጮኹ ስለኖሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሹክ ሲሉ ግቢው ይሰማል። ልዩም መጥታለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ ኋላ ኋላ ትላለች፣ ሰብለወንጌልን ላለማየት። ጸሎቱ ደርሶ ሕፃኗን የሚቀበል ሰው ወደ ፊት እንዲመጣ ሲጠየቅ እናቷ ልዩን ክርኗን ይዛ ገፋ አደረገቻት።

«ሰብለወንጌል አይደለችም እንዴ የተባለችው?» አሉ አቶ ሰብስቤ።

«ጉንፋን ይዟታል» አለች እናቷ ፈጠን ብላ። «ሕፃኗን እንዳታስይዛት ብለን ነው።»

«ጉንፋን አልያዘኝም» አለች ሰብለወንጌል።

ጮክ አላለችም። ሆኖም በዚያ ማለዳ ከርግቦቹ በቀር ድምፅ ያለው አልነበረምና ሁሉም ሰማ። ቄሱ ቀና ብለው አንዷን ከሌላዋ አዩ። «ልጆቼ፣ ቶሎ ወስኑ፤ ሕፃኗ ራቁቷን ናት» አሉ። ሰብለወንጌል ወደ ሜሪ ዞረች። ሜሪ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት መሬት ታይ ነበር። ያ መልስ ነው፤ ሰብለወንጌልም እንደ መልስ ተቀበለችው።

«ልዩ ትቀበላት» አለች። «እህቴ ፈርታለች፣ መፍራትም መብቷ ነው። የሚጥል በሽታ ስላለብኝ ነው የፈራችው። ታክሜ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ደህናም ነኝ። እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ ግን ጉንፋን ነው አይባልም።»

ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሳ ከሴቶቹ መሃል ቆመች።  ልዩ ሕፃኗን ከውሃው ተቀበለች፤ ስሟም ወለተ ሐና ተባለ፤ እሷ ያዘጋጀችው ማተብም በትንሿ አንገት ላይ ታሰረ። ሰብለወንጌል ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አጠገቧ ቆማ የነበረች አንዲት የሚኪያስ ዘመድ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ትንሽ ፈቀቅ አለች። ሰብለወንጌል አየቻት፤ ፈቀቅ ባለችው ልክ እሷም ተጠጋች።

ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ሞላ። የአዳማ ፀሐይ ሸራውን አልፎ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ንፋሱ አቧራውን እያነሳ በድንኳኑ ሥር ስለሚያስገባ ሴቶቹ ድስቱን እየደጋገሙ ይከድናሉ። ጎረቤታቸው ፋዲላና ሌሎቹ ሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ በተዘጋጀላቸው ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠዋል። እናቷ ከጓዳ ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ጓዳ እየተመላለሰች «ብሉ እንጂ፣ ምነው አልበላችሁም» ትላለች፤ በሰብለወንጌል አጠገብ ስታልፍ ግን ድምጿ ይቆረጣል። አንዴ ጓዳ በር ላይ ሲገናኙ «ገበናችንን አደባባይ አወጣሽው» አለቻት በጥርሷ መሃል። «የእኔ ነው እማዬ» አለች ሰብለወንጌል፣ «ካወጣሁም የራሴን ነው ያወጣሁት»። እናቷ እንግዳ ሲጠራት የወጥ ጭልፋውን እንደያዘች ሄደች።

ሰብለወንጌል ሰሃኗን ይዛ ከዘመዶቿ አጠገብ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ከአማቾቹ ማዕድ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሦስቴ ጎረሰች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ብልቃጡን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከለስላሳ ጠርሙሶቹ መሃል አቆመችው። ስንት ዓመት መጋረጃ ኋላ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ የክፍሏን በር ቆልፋ የዋጠችው ነገር ነው። አንዱን ፍሬ አውጥታ በውሃ ዋጠች። ጨዋታው ከዚያ ጫፍ ጀምሮ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጥቶ አቶ ሰብስቤ ጋ ሲደርስ ጸጥ አለ።

«እሱ ነው መድኃኒቱ?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

ሰብለወንጌል እጇን ጠረገች። ተማሪዎቿን ስታስተምር እንደምታደርገው በቀላሉ ልትነግራቸው ፈለገች።

«ሰውነታችን የተሠራባቸው ሴሎች ሽፋናቸው ላይ በዓይን የማይታዩ በሮች አሏቸው። ካልሲየም የሚገባባቸው። አብዛኞቹ በሮች ብርቱ ግፊት ካላገኙ አይከፈቱም። አንድ ዓይነት ግን አለ፣ ሴሉ በጣም ጸጥ ብሎ ከቆየ በኋላ ትንሽ ሲነካ ብርግድ የሚል። እንቅልፍ ሲወስደን አእምሯችን ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው። የእኔዎቹ ደግሞ ነቅቼ፣ ሰው እያናገርኩ ሳለሁ ሁሉም አንድ ላይ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ከሰው ተለይቼ እመለሳለሁ። መድኃኒቱ በሮቹን ያዝ ያደርጋቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«እና በሮቹ አንቺ ላይ ብቻ ነው ያሉት?»

«ሁላችንም ላይ አሉ አባባ። እርስዎ ልብ ውስጥም አሉ፤ ልብዎ ምቱን እንዲጠብቅ ያግዛሉ። የሰይጣን በር ቢሆኑ ኖሮ እግዜር እዚያ አያስቀምጣቸውም ነበር።»

ከወዲያኛው ማዕድ ፋዲላ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ተሰማ፤ አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። አቶ ሰብስቤ ግን አልሳቁም። እጃቸውን ሰሃናቸው ላይ እንደያዙ አሰቡ። ነጋዴ ናቸው፤ የሚጠይቁትን ያውቃሉ።

«በዘር ይሄዳል?»

ድንኳኑ ውስጥ ማንም አልጎረሰም። ሜሪ ወዲያ ጥግ ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ እናታቸው ትሪ ይዛ መሃል መንገድ ላይ ቆማለች። አይሄድም ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቀኑን ሁሉ ያድነው ነበር። ሰብለወንጌል ግን ጠዋት የሰማችው ውሸት ገና ጆሮዋ ውስጥ አለ፣ በሌላ ውሸት ልትለውጠው አልመጣችም።

«ሊሄድ ይችላል» አለች። «ብዙ ጊዜም አይሄድም። የሜሪ ልጅ ላይ አይመጣም ብዬ አልምልልዎትም። ከመጣ ግን ስሙን የምታውቅ አክስት አለቻት። እንደ እኔ ትዕቢተኛ ናት ተብላ አትገረፍም። እኔ ካለሁ አይሆንም።»

አቶ ሰብስቤ ወደ ሰብለወንጌል እናት ዞሩ። «ታዲያ ወይዘሮ እንቁ፣ ልጄ ልጅዎን ሲያገባ ይሄ ለምን አልተነገረኝም?»

እናታቸው ትሪውን እንደያዘች ቀረች።  ሰብለወንጌል እናቷን እንዲህ አነስ ብላ አይታት አታውቅም፤ ልትናገርላት አፏን ስትከፍት ግን ካልጠበቁት ቦታ ድምፅ መጣ።

«እኔ አውቅ ነበር አባዬ» አለ ሚኪያስ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ሚኪያስ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን በጣቱ እያሽከረከረ ነበር፤ ቀና አላለም።

«የቀለበታችን ቀን ሰብሊ ለስላሳ ስትቀዳልኝ ሄደች። ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እማዬ እንቁ ሮጣ መጥታ ጠረገችው፣ ሜሪ ስለ ዘፈኑ ማውራት ጀመረች። ሁሉም ያላየሁ መሰላቸው። ጉዳዬ አልነበረም፣ አልጠየቅኩም። ሜሪ ስትፈልግ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ።» ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እስካሁን እየጠበቅኩ ነበር» አለ።

ሜሪ ባሏን አየችው። ፊቷ ላይ የወጣው እፍረት ይሁን ዕፎይታ ለመለየት ያስቸግራል፤ ሁለቱም ሳይሆን አልቀረም። ስንት ጊዜ ይሆን በልቧ ስትፈራ፣ ስታስብ፣ ወሬ ስታስቀይስ የኖረችው፣ እሱ አብሯት እየተኛ እያወቀው። አቶ ሰብስቤ ልጃቸውን፣ ምራታቸውን፣ ብልቃጡን በየተራ አዩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። «እናንተ ደግሞ መድኃኒቱን ነው የደበቃችሁት።» ይቅር ማለታቸው ነው ወይስ መቆጣታቸው፣ ማንም አልገባውም። ወደ እንጀራቸው ተመልሰው አጠፉና ጎረሱ፤ ከዚያ በኋላም ከሰብለወንጌል ጋር አልተነጋገሩም።

ጨዋታው ተመልሶ እንደ ነገሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሜሪ ተነሳች። ሕፃኗን ታቅፋ በወንበሮቹ መሃል እየተሽሎከሎከች፣ ነጋሳን እግሩን እያስነሳች፣ ልዩን አልፋ፣ እናቷን አልፋ መጣችና እህቷ ፊት ቆመች።

«ሰብሊ፣ ያዥልኝ» አለች። «ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

እናታቸው ትሪውን ቶሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «እኔ እይዛታለሁ፣ አምጪ» እያለች ተንደረደረች።

«ተይ እማዬ» አለች ሜሪ። ድምጿ እንደ እህቷ አልጠነከረም፤ ግን አልታጠፈችም። «ሰብሊ ትይዛታለች።»

ሰብለወንጌል እጇን ዘረጋች። ሕፃኗ ከጠበቀቻት በላይ ከበደቻት፤ አናቷ ገና ሜሮን ሜሮን ይሸታል። ክንዷ ላይ አመቻችታ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ሜሪ አጠገቧ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የእህቷን ሰሃን ወደ ራሷ ጎትታ፣ እንደ ተራበ ሰው እየጎረሰች መብላት ጀመረች። ልዩ ከወዲያ ሆና በእፎይታ ተነፈሰች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ግን እንደገና መብላቱን ትቷል። ሁሉም የሚያየው ሕፃኗን አይደለም፤ የሰብለወንጌልን ዓይን ነው። አሁን ይተከል ይሆን፣ አሁን ትሄድ ይሆን እያሉ ይጠብቃሉ። ጥርጣሬው እንደ ሙቀቱ ፊቷ ላይ ተሰማት። ድሮ ቢሆን አንገቷን ትደፋ ነበር። አሁን ቀና ብላ መልሳ አየቻቸው። ያቺን ነጠላዋን የሰበሰበችውን ዘመድ አየቻት፤ ሴትየዋ የውሃ ብርጭቆዋን አነሳች። አቶ ሰብስቤን አየቻቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ማዕዱ ዞሩ። እንዲህ እያለች በየወንበሩ ዞረች፣ እያንዳንዱ ወደ ሰሃኑ እስኪመለስ ድረስ።

ያልተመለሰችው እናቷ ብቻ ናት። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ፣ እጇን በመቀነቷ ላይ አጣምራ፣ ልጇን ትክ ብላ ታያታለች። ሰብለወንጌልም ዓይኗን አልነቀለችም። 

«አንገቷን ደግፊያት» አለች እናቷ።

«ደግፌያታለሁ» አለች ሰብለወንጌል።